አታምነኝም ማለት ነው?

እሺ፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ። ሰላም ነው? ዛሬ ቃል የገባሁላችሁን ርዕስ ይዤ አልመጣሁም፣ እንደተለመደው፣ ስድቡን ኮመንት ላይ አየዋለሁ። ሰምበሌጥን ታስታውሱታላችሁ አይደል፣ ቶሎ ቶሎ ቤት የሚሰራው ልጅ... አዎ እሱው።

የኛን ፖስትግሬስ፣ ዳታቤዛችንን ማለት ነው፣ ከነሰምበሌጥ ሪፖርት ሰርቨር ጋር በሎጂካል ሪፕሊኬሽን እያገናኘን ነበር፣ እኛ ጋ የተቀየረው ዳታ እነሱ ጋም እየተገለበጠ እንዲሄድ። ያው ፋየርዎል ነው ተባለ፣ ፖርት 5432፣ የዳታቤዙ በር፣ ተከፈተ፣ አሁንም እምቢ፣ ለካ ማን ይግባ የሚለውን የሚወስነው ፒጂ ኤችቢኤ ፋይል ላይ የነሱ አይፒ የለም፣ ተጨመረ፣ ሪሎድ፣ ገባ፣ ከዛ ደግሞ ዋሉ፣ ዳታቤዙ ለውጡን ሁሉ የሚመዘግብበት ሎግ፣ ሌቭሉ ሎጂካል አይደለም አለን፤ ይሄኛው በሪሎድ አይነካም፣ ሪስታርት ይፈልጋል፣ ቀን ላይ ደግሞ ማን ሪስታርት ያስደርግሃል፣ ማታ ጠበቅን።

ማታ ከሰምበሌጥ ጋር ስልክ ላይ ነን። ሁለታችንም ደክሞናል። መጀመሪያ ያለውን ዳታ ኮፒ ሲያደርግ አንዱ ቴብል ላይ ፐርሚሽን ዲናይድ አለ። "ባክህ ሱፐርዩዘር ስጠኝና እንገላገል" አለኝ፣ ሁሉን የሚያስችለውን መብት ማለት ነው። አልሰጥም አልኩት። "ነገ ታነሳዋለህ እኮ" አለ። "ነገ ያነሳ ሰው አይቼ አላውቅም" አልኩት፣ እየሳቅኩ ነው ታዲያ፣ እሱ ግን አልሳቀም። ዝም አለ። ኪቦርዱ ራሱ ዝም አለ። ከዛ "አታምነኝም ማለት ነው?" አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ ቀስ ብሎ ነው የጠየቀኝ። እኔም "የመተማመን ጉዳይ አይደለም" አልኩ። ሰው ይቺን የሚላት ጉዳዩ የመተማመን ሲሆን አይደል እንዴ?

ያቺ ቴብል ላይ ሰሌክት፣ የማንበብ መብት፣ ብቻ ሰጠሁት፣ አለፈ፣ ጨረስን።

የሚከነክነኝ ግን፣ ሪፕሊኬሽን የሚለውን መብት ቀድሜ ሰጥቼዋለሁ፣ ያለሱ አይሰራማ። እሱ መብት ያለው ዩዘር ደግሞ የራሱን ስሎት፣ የት ድረስ እንዳነበበ የሚይዝለትን ምልክት፣ ከፍቶ በዛ ዳታቤዝ ላይ የሚቀየረውን ሁሉ ማንበብ ይችላል፣ ሰሌክት ያልሰጠሁት ቴብል ላይ ያለውን ጭምር። እና በአንዲት ቴብል ያን ያህል የተጨቃጨቅኩት... ቢሆንም ሱፐርዩዘር ሌላ ነው፣ ይሰርዛል፣ ዩዘር ይፈጥራል፣ ትክክል ነበርኩ። ትክክል ነበርኩ መሰለኝ።

ስሎት ካልኩ አይቀር፣ እሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እነሱ ጋ ሰርቨሩ ቢተኛ የኛው ስሎቱ ያልተነበበውን ዋል አልጥልም ብሎ ይጠብቃቸዋል፣ ዲስኩ እስኪሞላ፣ ሞልቶ የሚወድቀው ደግሞ የኛው ዳታቤዝ! ከቨርዥን 13 ጀምሮ ገደብ ማበጀት ይቻላል፣ ማክስ ስሎት ዋል ኪፕ ሳይዝ የሚባለው፣ ግን ካልነካኸው ገደብ የለውም፤ ከገደብከው ደግሞ ስሎቱ ይሞትና ኮፒውን ከዜሮ ትጀምራለህ። አየህ፣ ሰውዬውን በሱፐርዩዘር እከለክለዋለሁ፣ ዲስኬን ግን እጁ ላይ አስቀምጬለታለሁ፣ እና ማመን ከዚህ በላይ ምንድነው? እንደዛ ብዬ ልመልስለት ይገባ ነበር ይሆን? በዛ ሰዓት? ቴክኒካል ሌክቸር የሰጠሁት ነበር የሚመስለው።

ከዛ ወዲህ የምፅፍለትን ሁሉ "ኦኬ" ብቻ ነው የሚመልሰው። ድሮም አጭር መላሽ ነው እኮ፣ እኔ ነኝ ምናልባት... አይ፣ ድሮ ቢያንስ ስቲከር ይልክ ነበር። ልደውልለት? ምን ብዬ? ለነገሩ ገደቡ ስንት ጊጋ ይሁን የሚለውን አልተነጋገርንበትም፣ እሱን ሰበብ አድርጌ... ቆይ፣ የሆነ አለርት መጣ መሰለኝ፣ አንዴ ልየው—