ባሕሩ የልጆቻችንም ነው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የማኅበራችን የሥራ አመራር አባላት፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ከሥራ አመራሩ የተሰጠኝ ርእስ «የበጋ ዕረፍታችንን በብሪታንያ ውስጥ እናሳልፍ ወይስ ወደ ውጭ እንጓዝ?» የሚል ነው። ሁለቱንም ወገን እንድመረምር ተጠይቄአለሁ፤ እመረምራለሁ። ነገር ግን ወደዚህ መድረክ የወጣሁት አንድ ጉዳይ ይዤ ስለሆነ አስቀድሜ ልናገረው። ባለፈው ዓመት ከበጀታችን የተሰረዘው የልጆችና የአረጋውያን የባሕር ጉዞ ይመለስ።

እንዴት እንደ ተሰረዘ አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። የአውቶቡስ ኪራይ ጨምሯል ተባለ። እውነት ነው፣ ጨምሯል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሒሳብ ነውና በሒሳብ እንነጋገር ነበር። ከኋላ ወንበር ግን አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «እንግሊዝ አገር ውስጥ መዞር ደግሞ ዕረፍት ነው እንዴ? የቻለ ይበራል፣ ያልቻለ ቤቱ ይቀመጣል» አለ። ጥቂት ሰዎችም አጨበጨቡለት። ዛሬ የመጣሁት ለዚያ ጭብጨባ መልስ ለመስጠት ነው።

ቤቱ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርት ቤት በበጋ ስድስት ሳምንት ይዘጋል። እናት በአረጋውያን መጦሪያ የቀን ፈረቃ ላይ ናት። አባት ሌሊት ታክሲ ነድቶ ጠዋት ይተኛል። ልጁ አባቱን እንዳይቀሰቅስ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሶ፣ ስልኩን ይዞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይውላል። ስድስት ሳምንት! መስከረም ላይ አስተማሪዋ «በዕረፍታችሁ የት ሄዳችሁ?» ብላ ስትጠይቅ አንገቱን ይደፋል። ይህ ልጅ የተወለደው ለንደን ነው። ከለንደን ሳውዝኤንድ ባሕር ዳርቻ ለመድረስ ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይፈጅበታል። በእንግሊዝ ምድር ከባሕር እጅግ የራቀው ቦታ እንኳ ከውኃው 113 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በደሴት ላይ ተወልዶ ባሕር ሳያይ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ በመካከላችን አለ፤ እኔ የማውቃቸው ብዙ ናቸው፣ እናንተም የምታውቋቸው አሉ።

አሁን ወደ ውጭው ጉዞ ልምጣ። አገር ቤት እናቱን ሊያይ የሚሄደውን ሰው ምንም የምለው የለኝም። ይሂድ፤ እኔም ስችል እሄዳለሁ። ልጆቻችን አያታቸውን አቅፈው መሳም አለባቸው። ግን ያንን ጉዞ ዕረፍት ብለን አንቁጠረው። ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ጫማ፣ መድኃኒት፣ ሽቶ፣ ስልክ ስንሰበስብ እንከርማለን። ሻንጣው የሰው አደራ ሞልቶበት የራሳችን ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሄዳል። እንደ ደረስን በሌለንበት ላረፉት ሁሉ ለቅሶ መድረስ አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ፣ ክርስትና የተነሣ፣ ያገባ፣ ቤት የሠራ አለ። ልጆቹ ከቤት ቤት ይወሰዳሉ፤ «አድገሃል፣ አድገሻል» እየተባሉ ጉንጫቸው ይሳማል፣ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ። የመመለሻው አውሮፕላን ውስጥ እናትየው ገና ሳይነሣ ትተኛለች። ሰኞ ጠዋት ሥራ ትገባለች። ይህ የዝምድና ጉዞ ነው፣ የፍቅርም የግዴታም ጉዞ ነው፤ ክቡር ነው። ሰውነትን ግን አያሳርፍም።

ሌላው ደግሞ የዱባዩና የስፔኑ ጉዞ ነው። ገንዘቡ ያለው ሰው ይሂድ፤ ዓለምን ማየት መልካም ነው። ነገር ግን የበጋውን የትኬት ዋጋ ሁላችሁም አይታችሁታል። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት አየር መንገዱም ሆቴሉም ዋጋውን ይሰቅላል። በትምህርት ጊዜ ልውሰዳቸው ያለ ወላጅ ደግሞ ይቀጣል። ከነሐሴ 2024 ወዲህ በእንግሊዝ ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ወላጅ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 80 ፓውንድ ነው፤ በ21 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ 160 ይሆናል። አባትና እናት፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው፣ 320 ፓውንድ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚከፍሉት ብዙዎች ከኪሳቸው አይደለም፣ በክሬዲት ካርድ ነው። ለአንድ ሳምንት የሆቴል መዋኛ ፎቶግራፍ ሲሉ እስከሚቀጥለው ፋሲካ ዕዳ ይከፍላሉ። ይህን የምለው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ያሳፈርናቸው እኛ ነን! «የት ሄዳችሁ?» ብለን ጠይቀን፣ «እዚሁ እንግሊዝ፣ ማርጌት ባሕር ዳር» ሲሉን ፊታችንን የምናዞር እኛ ነን። ሰው ዕዳ ውስጥ የሚገባው ከዚያ ፊት ለማምለጥ ነው።

ማርጌትን ካነሣሁ አይቀር፣ እዚያ ስለሄድንበት ቀን ልንገራችሁ፤ አብራችሁን የነበራችሁ አላችሁ፣ ብሳሳት አርሙኝ።

ሁለት አውቶቡስ ነበርን። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። እናቶች የሚሠሩት ሥራ መቼም አይታማም፤ እንጀራው፣ ዶሮ ወጡ፣ ቂጣው፣ ሽሮው ተጭኖ የአውቶቡሱ ሹፌር ወገቡን ይዞ ያይ ነበር። ማርጌት ወደምትገኝበት ወደ ኬንት ስንገባ ዝናብ ጀመረ። «አላልኳችሁም!» የሚሉ ነበሩ። ስንደርስ ዝናቡ ቆመ፤ ግን ባሕሩ የለም። ውኃው ሸሽቶ አሸዋው እስከ ዓይን ጥግ ተዘርግቷል። ከእናቶቻችን አንዷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ያመጣችሁኝ ባሕሩ የት ሄዶ ነው?» አሉኝ። በስድስት ሰዓት ውስጥ ይመለሳል ብላቸው አላመኑኝም። ወንበር አውጥተን አስቀመጥናቸው። ውኃው ቀስ እያለ ሲመጣ፣ ሲቀርብ፣ ልጆቹ የሠሩትን የአሸዋ ቤት ሲበላ እያዩ «ሥራህ ድንቅ ነው» እያሉ እስከ ማታ ከዚያ ወንበር አልተነሡም።

ቡና ለማፍላት የያዝነውን ምድጃ ነፋሱ አላስነድድ አለ። ከአጠገባችን የነበሩ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት፣ ሁለቱም በዕድሜ የገፉ፣ ያለምንም ወሬ የራሳቸውን የነፋስ መከለያ ሸራ ነቅለው መጥተው በምድጃችን ዙሪያ ተከሉልን። ጀበናው ፈላ። አቦሉን ከእኛ ጋር ጠጡ፤ ሴትየዋ ቶናውንም ጠጥታ ስለ ስኒው ጠየቀች። ለሃያ ዓመት ጎረቤታቸውን በስም የማያውቁ ሰዎቻችን በዚያ ቀን ከማያውቁት ሰው ጋር ሲሣሣቁ አየሁ።

ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ አባት ነው። ሁሉም ሲወርድ እሱ ከአውቶቡሱ አልወረደም። ሰባት ዓመት የሆናት ልጁ ከውጭ መስኮቱን ትደበድባለች። «ራሴን አሞኛል» አለ። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥሁ። ብዙ ከቆየ በኋላ ነገረኝ፤ ከሊቢያ በጀልባ ከተሻገሩት አንዱ ነው። አብረውት የተሳፈሩትን ሁሉ ይዞ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ በቴሌቪዥን ሲመጣ እንኳ ጣቢያውን ይቀይራል። እኔ የምለው ጠፋኝ። ምንም አልመከርሁትም። ከሰዓት በኋላ፣ ውኃው ገና ሩቅ ሳለ፣ በራሱ ወረደ። የልጁን እጅ ይዞ በደረቁ አሸዋ ላይ ሲሄድ አየሁት። ውኃው ዳር ሲደርሱ እሱ ቆመ፤ እሷ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ብቻ ነበር፤ ስትጮህ ስትስቅ ድምፅዋ እኛ ዘንድ ይሰማል።

ስንመለስ አጠገቤ ተቀመጠ። «ባሕር ሲነሣ እኔ ዝም እላለሁ፤ እሷ ደግሞ ምን እንደሚያስፈራኝ ሳታውቅ አብራኝ ትፈራ ነበር» አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡ ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው እሱ ነው።

የሰረዛችሁት ይህንን ጉዞ ነው! የአውቶቡስ ኪራይ ብላችሁ በመዝገብ የጻፋችሁት ይህንን ነው። ለዓመታዊው የእራት ግብዣችን አዳራሽ፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለዘፋኝ ስንከፍል «ዋጋው ጨመረ» ብሎ እጁን ያነሣ ሰው አላየሁም።

አንዳንዶቻችሁ «ባሕርና ተራራ መዞር የእንግሊዞቹ ወግ ነው፣ የእኛ አይደለም» ትላላችሁ። ለእነሱም ቢሆን ከሰማይ አልወረደላቸውም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ በዓመት አንዴ ፋብሪካው ሲዘጋ ነበር ከነሠፈሩ ብላክፑል ባሕር ዳር የሚወርደው፤ ለዚያ ሳምንት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንደ እኛ ዕቁብ ሳንቲም ያጠራቅም ነበር፤ ምክንያቱም ላልሠራበት ሳምንት አይከፈለውም። ከደመወዝ ጋር ማረፍን የሚመለከተው ሕግ የወጣው በ1938 ነው። ተራራውም ለሠራተኛው ክፍት አልነበረም። በ1932 ከማንችስተርና ከአካባቢው የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች ለመሳፍንት ወፍ አደን ተከልሎ የነበረውን ኪንደር ስካውት የተባለ ተራራ ያለፈቃድ ወጡት። አምስቱ ታሰሩ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ቤኒ ሮትማን የሃያ ዓመት ወጣት ነበር፤ ከሩማንያ የፈለሱ አይሁዳውያን ልጅ። የስደተኛ ልጅ! በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ፤ በ1951 የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሲከለል ኪንደር ስካውት በውስጡ ነበር። ዛሬ ማንም ሰው ይወጣዋል። የስደተኛ ልጅ ታስሮ ያስከፈተውን ተራራ የእኛ ልጆች የማይወጡት ስለምንድን ነው?

የዕረፍት መብትም አለን፤ አንጠቀምበትም። ሕጉ ለሠራተኛ በዓመት 5.6 ሳምንት የሚከፈልበት ዕረፍት ይሰጣል። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ 28 ቀን ነው። ሰዓቱ ያልተወሰነ፣ በኤጀንሲ በኩል የሚሠራም በሠራው ልክ ይገባዋል። እኔ የማውቃቸው እህቶች ግን ይህን ዕረፍት ሁሉ ለአንድ ጉዞ ያከማቹና በሁለት ዓመት አንዴ አገር ቤት ይጨርሱታል፤ ወይም ጭራሽ ሳይወስዱት ዓመቱ ያልፍባቸዋል። አሠሪው አያስታውሳችሁም። አንዲት ረቡዕ ጠይቃችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

«ገጠር ስንሄድ ያፈጡብናል» ያላችሁኝም አላችሁ። አዎ፣ የሚያፈጥ አለ፤ እኔም ደርሶብኛል፣ ደስ አይልም። ግን በቤት መቅረታችን ዓይናቸውን አያስለምደውም። ደግሞም በዚህ አገር ያለ አሻራ አልኖርንም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት ባዝ ከተማ ነው፤ ፌርፊልድ ሃውስ የተባለውን ቤታቸውን በ1958 ለአረጋውያን እንዲሆን ለከተማው ሰጥተዋል። በዚያው በስደታቸው መጀመሪያ ዓመት ወርዚንግ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሆቴል ተቀምጠዋል። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ መጀመሪያ የኖረው ዋይት ደሴት ላይ ነው፤ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ አርፎ የተቀበረው ዊንዘር ነው። ከለንደን ዊንዘር ባቡር አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከልጆቻችን ስንቶቹ ሄደዋል? ልጅ ይህን በመጽሐፍ ከማንበቡ በፊት በእግሩ ቢደርስበት ምን ይጎዳዋል?

ስለ ዝናቡ ብዙ አልናገርም፤ ካፖርት አለ። ስለ ወጪውም በአጭሩ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባቡር አይከፍልም፣ የቤተሰብ የባቡር ቅናሽ ካርድ ለአዋቂ ሲሶውን፣ ለልጆች ከመቶ 60 ይቀንሳል። ምግቡን እናውቅበታለን። ተራራ ይከብደናል ለምትሉ አባቶች ደግሞ፣ የብሪታንያ ከፍተኛው ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ የባሕር ጉዞው በዚህ በጋ፣ በነሐሴ ወር፣ በሁለት አውቶቡስ ይመለስ፤ መድረሻው ወርዚንግ ይሁን። ገንዘቡ ከእራት ግብዣው በጀት ይቀነስ። ሁለተኛ፣ በመስከረም ለወጣቶች የባዝ ጉዞ ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ ለሚቀጥለው ዓመት የጉዞ ዕቁብ ይቋቋም፤ በሳምንት ከሁለት ፓውንድ አይብለጥ፣ ያልቻለ ቤተሰብ ልጆች ያለ ክፍያ ይሳፈሩ፣ የማን ልጅ እንዳልከፈለም ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አይወቅ።

መዝገቡ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የተከበሩ ሊቀመንበር፣ ሐሳቡን ለድምፅ እንዲያቀርቡልኝ እጠይቃለሁ፤ ያን ዕለት ያጨበጨባችሁትም ዛሬ እጃችሁን ታነሡ እንደሆነ ከዚህ ቆሜ አያለሁ።