የአባባ ፕላታ እና የሚክላቱ ጸሎት ቤት

ባሩክ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ባሩክ ነኝ፣ ከእስራኤሏ ከተማ ከሬሆቮት።

ዝናሽ፦ ዝናሽ ነኝ፤ እኔም ከዚሁ። ቡናዬን ይዣለሁ፣ ዛሬ ማንም አያስቸኩለኝም።

ባሩክ፦ የዛሬው ርዕስ ከበድ ይላል። እኛ ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ እዚህ ከገባን ወዲህ ያቆምናቸው ቤት ክኔሴቶች፣ ጸሎት ቤቶች ማለት ነው፣ ልጆቻችን የተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች። ማን ከፈታቸው፣ ማን ያስተዳድራቸዋል፣ ምን ሰጡን፣ ምን ወሰዱብን። ሦስት ገጽ አዘጋጅቻለሁ።

ዝናሽ፦ ሦስት ገጽ! ባሩኬ፣ እሱን ለጊዜው አስቀምጠው። መጀመሪያ የአባባን ፕላታ ልንገርህ።

ባሩክ፦ ባለፈው ነግረሽናል እኮ!

ዝናሽ፦ ግማሹን ነው የሰማችሁት። አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ሆናችሁ ለምትሰሙን፣ ፕላታ ማለት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰፋ ያለ ብረት ነው። አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሰካል፣ ድስቱ ላዩ ላይ ያድራል፣ ቅዳሜ ምሳ ትኩስ ይበላል። እሳት አልነካህም፣ ሰንበት አልሻርክም። ሰንበት የሚያከብር ቤት ሁሉ አለው እዚህ። እኛ ቤት የገባ ቀን ግን አባባ በመስኮት ሊወረውሩት ምንም አልቀራቸው።

ባሩክ፦ ጎንደር እያለን በሰንበት ትኩስ ነገር የሚባል የለማ።

ዝናሽ፦ ከየት መጥቶ! አርብ ዳቦው ይጋገራል፣ ወጡ ይሠራል፣ ከዚያ እሳቱ ይጠፋል፣ በቃ። ቅዳሜ ቀዝቃዛውን ትበላለህ። አባባ ደግሞ ከሜዳ ተነስተው አይደለም የሚናገሩት፣ ኦሪት ይጠቅሳሉ። ዘጸአት 35 ቁጥር 3፣ በሰንበት ቀን በማደሪያችሁ ሁሉ እሳት አታንድዱ ይላል። «ማደሪያችሁ ይላል፤ ይህ ማደሪያዬ ነው፤ ያ ደግሞ ይፋጃል» አሉ።

ባሩክ፦ (ሳቅ) «ያ ደግሞ ይፋጃል!»

ዝናሽ፦ ቆይ፣ አሁን ነው ያልሰማችሁት የሚመጣው። ታላቅ ወንድሜ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ፕኒሚያ ነው ያለው። አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ የሃይማኖት። በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል፤ ነጭ ሸሚዝ፣ የተሸመነች ኪፓ፣ የራስ ቆብ፣ ከኪሱ የምትወጣ ትንሽ ሲዱር፣ የጸሎት መጽሐፍ። እና ገበታው ላይ፣ እንግዳ ባለበት፣ «አባባ፣ ይፈቀዳል። ራቩ አስተምሮናል» አላቸው። ራቭ ማለት ረቢ ነው።

ባሩክ፦ ውይ።

ዝናሽ፦ አባባ ዝም አሉ። እንጀራውን ቆረሱ፣ ጎረሱ። ከዚያ «ራቭህ ዕድሜው ስንት ነው?» አሉት። «ሠላሳ ምናምን»። «እኔ ሰንበትን ስጠብቅ ራቭህ አልተወለደም።»

ባሩክ፦ (ሳቅ) አለቀ ደቀቀ!

ዝናሽ፦ አላለቀም! እማማ ምን አደረጉ መሰለህ? ዶሮ ወጡን ሁለት ድስት ላይ አካፈሉት። አንዱ ፕላታው ላይ፣ አንዱ መስኮቱ ሥር። አባባ ዘይቱ የረጋውን፣ ቀዩ ላዩ ላይ እንደ ሰም የተጋገረውን በእንጀራ ገፋ እያደረጉ ይበላሉ። ወንድሜ ከጎናቸው እንፋሎቱ እየወጣ ይበላል። አንድ ገበታ፣ አንድ ዶሮ፣ ሁለት ሃይማኖት!

ባሩክ፦ ኧረ ሁለት ሃይማኖት አትበዪ።

ዝናሽ፦ ታዲያ ምን ልበለው?

ባሩክ፦ ሁለት ልማድ በይው። እኔ ይህንን ሳነብ አንድ ነገር ገርሞኛል። የረቢዎቹ መጻሕፍት ትኩሱን መፍቀድ ብቻ አይደለም፣ ቅዳሜ ትኩስ የማይበላ ሰው ይጠረጠራል ያሉም አሉ። ምክንያቱ ቀራያውያን ናቸው። ኦሪትን ብቻ እንጂ የረቢዎቹን ትውፊት የማይቀበሉ አይሁዶች። ትኩስ ወጥ መብላት ከእነሱ የምትለይበት ምልክት ሆነ።

ዝናሽ፦ ይኸው! አባባ ሳያውቁት ተጠርጣሪ ሆነው ተገኙ። ቀራያዊ የሚባል ሰው ሰምተውም አያውቁ፣ ከበለሳ ነው የመጡት!

ባሩክ፦ ማንም እሳቸውን አልጠረጠረም።

ዝናሽ፦ ወንድሜ ጠረጠራቸዋ! ነገሬ እኮ እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጁን ሲያስተምረው አባቱን እንዲፈትን አድርጎ ነው የላከው። ሃኑካ፣ የሻማው በዓል፣ ሲመጣ «ሻማችሁ የታል?»፣ ጠዋት ሲሆን «ተፊሊን የለህም?»፤ ለጸሎት ክንድና ግንባር ላይ የሚታሰረው ማለት ነው። እኛ ሃኑካን አገራችን አናውቀውም፣ ተፊሊንም አልነበረንም። እኛ ያለን ኦሪት በግዕዝ፣ ቄስ፣ ሰንበት፣ ፋሲካ በበግ መሥዋዕት። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ለአባቱ ራቭ ሆነ።

ባሩክ፦ እሺ፣ አሁን ወደ ገጽ አንድ ገባን። ልጆቻችን በግድ ወደ ሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ነበር የሚመደቡት፤ ወላጅ መርጦ አይደለም። ከፍ ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ አሊያት ሃኖአር ወደሚባለው ድርጅት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው የተላኩት። ይህ ድርጅት የተመሠረተው በ1933 ነው፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፤ ዛሬ ዓመት ስንጠራ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ሬኻ ፍራየር የምትባል ሴት በርሊን ላይ የጀመረችው።

ዝናሽ፦ በርሊን፣ በ1933። ሂትለር በነገሠበት ዓመት።

ባሩክ፦ አዎ። የጀርመን አይሁድ ልጆችን ከዚያ አውጥቶ እዚህ ለማሳደግ። ስንቱ ልጅ በዚያ ድኗል። ከወላጁ ተለይቶ ለመጣ ልጅ የተሠራ ቤት ነው።

ዝናሽ፦ ልብ አድርጉልኝ፤ ከወላጁ ለተለየ ልጅ። በሱዳን በኩል የመጡት፣ የ1984 እና 85ቶቹ፣ ብዙዎቹ በእርግጥ ብቻቸውን ነበሩ። በዚያ መንገድ ወደ አራት ሺህ ሰው ቀርቷል ነው የሚባለው። ኢየሩሳሌም፣ ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያቸው አለ፣ በየዓመቱ እንሄዳለን። ለእነዚያ ልጆች አዳሪ ቤት መጠጊያ ነበር፣ አልክድም። እኛ ግን በ1991 ነው የገባነው! ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት። አባባም እማማም እዚያው አውሮፕላን ውስጥ ከጎናችን ነበሩ፤ መቀመጫው ተነቅሎ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጥነው። ወላጅ ያለው ልጅ ለምን ወላጅ ለሌለው ወደተሠራ ቤት ይሄዳል?

ባሩክ፦ ቆይ እስቲ፣ እኔም ፕኒሚያ ነው ያደግኩት፣ አውቀዋለሁ። እኛ ካራቫን፣ ጊዜያዊ ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ውስጥ ስምንት ሆነን ነበር የምንኖረው። ጠረጴዛ የለም፣ መብራት ቶሎ ይጠፋል፣ አባቴ ዕብራይስጥ አያነብልኝ። ፕኒሚያ መጽሐፍ ነበረ፣ ማታ የሚያስጠና ሰው ነበረ። መሐንዲስ የሆንኩት እዚያ ስለገባሁ ነው። ኤም ባይቷ፣ የቤቱ እናት የምንላት ሞሮኳዊት ሴትዮ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ አጠገቤ አድራለች።

ዝናሽ፦ እሷን እግዚአብሔር ይስጣት። ግን ጠረጴዛውን ለምን ካራቫኑ አላመጡልህም?

ባሩክ፦ ...

ዝናሽ፦ አየህ፣ ዝም አልክ!

ባሩክ፦ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም፤ ካራቫኑ ውስጥ ጠረጴዛ የሚገባበት ቦታ አልነበረም። (ሳቅ)

ዝናሽ፦ (ሳቅ) እሺ፣ ይህችን ወሰድካት። ግን አንድ ነገር ልጨምር። በ1955 አስመራ ላይ የአይሁድ ኤጀንሲ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከመንደሮቻችን የተመረጡ ወጣቶች ገቡበት። በዚያው ጊዜ ሌሎች ልጆች ወደዚህ አገር መጡ፣ ክፋር ባትያ የሚባል የወጣቶች መንደር ተማሩ። ዕብራይስጥ ተምረው፣ ሠልጥነው ከዚያ ወደ ጎንደር ተመለሱና መምህር ሆኑ። የእማማ ወንድም ዕብራይስጥ ፊደል የቆጠረው ከእነሱ ከአንዱ ነው። ያ ልጅ ተምሮ ሲመለስ ያስተማረው የአባቱ መንደር ውስጥ፣ ቄሱ ባሉበት፣ በእነሱ ዓይን ሥር ነው። ከቄሱ ጋር ቢከራከርም ማታ እዚያው ነው የሚያድረው። የወንድሜ ትምህርት ቤት ግን በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር።

ባሩክ፦ እውነት ነው፣ ልዩነት አለው። ግን እነዚያም ልጆች ከሽማግሌዎች ጋር ተጣልተዋል ይባላል፣ አዲስ ሥርዓት አመጣችሁ ተብለው።

ዝናሽ፦ ይጣሉ! ከአባትህ ጋር ፊት ለፊት መጣላትና በየሁለት ሳምንቱ ለፈተና መምጣት አንድ አይደለም።

ባሩክ፦ እሺ፤ ቤት ክኔሴቱስ? ጊዜያችን እየሄደ ነው።

ዝናሽ፦ እሱንማ ስጠብቀው ነው የዋልኩት! ሰፈራችን ውስጥ የእኛ ሰዎች ጸሎት ቤት ሲፈልጉ ከማዘጋጃ ቤቱ የተሰጣቸው ሚክላት ነው። ከመሬት በታች ያለ የቦምብ መጠለያ። ብዙ ስደተኛ እዚህ አገር እንዲህ ነው የጀመረው፣ የኛ ብቻ አይደለም። ወፍራም የብረት በር፣ ቁልቁል የሚወርድ ደረጃ፣ ሽታው የእርጥብ ሲሚንቶ። አንድ ጊዜ ቄሱ ጸሎት ላይ ናቸው። ነጭ ሻሻቸውን ጠምጥመው በግዕዝ እያዜሙ፣ ሽማግሌዎቹ እየተቀበሏቸው። ድንገት የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሲረን ጮኸ!

ባሩክ፦ ኦይ!

ዝናሽ፦ መጠለያ ነዋ! ጎረቤቱ ሁሉ ወረደ። ሩሲያዊቷ ከነድመቷ፣ ፎቁ ላይ ያለው ሰውዬ በፒጃማ፣ ልጆች በባዶ እግራቸው። ቄሱ አላቋረጡም! ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ እንጂ። ሲሚንቶው ዜማውን ይመልሰዋል፣ ውጭ ፍንዳታው ይሰማል፣ ባለ ፒጃማው ኮፍያ ስለሌለው እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሟል።

ባሩክ፦ (ሳቅ) እጁን ራሱ ላይ!

ዝናሽ፦ ሲያልቅ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለሁሉም ደረሰ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ «ያ ዳቦ መቼ ነው?» ይለኛል። እና አባባ፣ ያን ደረጃ በጉልበታቸው ሕመም ለምን በየሳምንቱ የሚወርዱ ይመስልሃል? ሁለት ደቂቃ ላይ ትልቅ፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ክኔሴት እያለ? እዚያኛው ሲገቡ ሲዱሩን ገልብጠው የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ሕፃን መጥቶ ገጹን ይገልጥላቸዋል። ሚክላቱ ውስጥ ግን ኦሪቱን በቃላቸው የሚያውቁ፣ ሰው የሚጠይቃቸው አባት ናቸው።

ባሩክ፦ ይህ ገብቶኛል፣ በእውነት። ግን እኔ ልጆቼን የማስጸልየው የሞሮኮና የየመን ሰዎች ባሉበት ነው፣ ደስ ይለኛል። ልጄ እዚያ ባር ሚጽቫ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱን ሥርዓት፣ ሲያደርግ ሁሉም ከረሜላ ወረወሩበት፣ ልጃችን ነው አሉ። ለብቻችን ስንሆን «የኢትዮጵያውያን ቤት ክኔሴት» እንባላለን፣ ከዚያ ሰዉ እሱን ሰበብ አድርጎ ሌላ ቦታ አያስገባንም። 2009 ላይ ፔታህ ቲክቫ የሆነውን ታስታውሻለሽ፣ የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ልጆቻችንን አንቀበልም ያሉበትን።

ዝናሽ፦ ያ የሆነው ሚክላት ውስጥ ስለጸለይን ነው እንዴ?

ባሩክ፦ አላልኩም።

ዝናሽ፦ የየመኑም የራሱ አለው፣ የትሪፖሊው የራሱ አለው፣ የጆርጂያው የራሱ አለው! የእነሱ ሲሆን ትውፊት፣ የእኛ ሲሆን መገለል የሚሆነው ለምንድን ነው?

ባሩክ፦ እሺ፣ ይህ ነጥብ ነው። ግን የየመኑ ራቭ ራቭ ተብሎ ይታወቃል። የእኛ ቄስ ግን ጋብቻ ማስመዝገብ አይችሉም፤ እሱ የመንግሥቱ የረቢነት ቢሮ ሥራ ነው። አንዳንዶቹ ከሃይማኖት ምክር ቤት ደሞዝ ያገኛሉ፣ ሥልጣኑ ግን የለም። ስለዚህ ልጅሽን ለመዳር የግድ ከሚክላቱ ትወጫለሽ።

ዝናሽ፦ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ከአገሩ ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ናቸው፣ አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ። በ1975 የመመለስ ሕጉ፣ አይሁድ እዚህ ገብቶ ዜጋ እንዲሆን የሚፈቅደው፣ ለእኛም ሠራ። ከዚያ እዚህ ስንደርስ «ለጥንቃቄ» እንደ ሃይማኖት ለዋጭ ውኃ ግቡ ተባለ። በ1985 ሰዉ ኢየሩሳሌም ረቢነቱ ደጃፍ ላይ አንድ ወር ገደማ ተቀመጠ። አጎቴ ነበሩበት። «ሱዳንን ያሻገረኝ ይሁዲነቴ እዚህ ደጅ ላይ ጎደለ እንዴ?» ይሉ ነበር።

ባሩክ፦ አሁን ግን እየተለወጠ ነው። ስግድ፣ የእኛ የጾምና የጸሎት በዓል፣ በ2008 በክኔሴት፣ በፓርላማው፣ ሕግ የአገር በዓል ሆኗል፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ይወራል። የልጄ መምህርት ፖላንዳዊት ናት፣ ስለ ቄሶቹ ጃንጥላ አስተማረቻቸው።

ዝናሽ፦ ስለ ጃንጥላው! ባሩኬ፣ ጃንጥላው ያምራል፤ ከሥሩ ያሉት ሰውዬ ምን ያነባሉ ብላ ጠየቀች?

ባሩክ፦ እሱን እንጃ። ግን ከዜሮ ይሻላል።

ዝናሽ፦ ከዜሮማ ይሻላል። እዚሁ አገር ያደጉ፣ እዚሁ የተሾሙ ወጣት ቄሶች አሉ፤ እነሱን ክፍል ያስገቧቸው። ሒሳብ ካስተማሩ በኋላ አንድ ሰዓት ግዕዝ ያንብቡላቸው።

ባሩክ፦ ልጆቹ አይሰሙም፣ ስልክ ላይ ናቸው።

ዝናሽ፦ ሲዱሩንም እኮ አይሰሙም! ለምን ግዕዙ ላይ ብቻ ነው ይህ የሚነሳው?

ባሩክ፦ እኔ አሁንም ድብልቁ ይሻላል ባይ ነኝ። ጠዋት ከሁሉም ጋር፣ ለስግድና ለፋሲካ ከቄሶቹ ጋር።

ዝናሽ፦ በዓመት ሁለት ቀን ቄስ? እሱማ የእንግዳ ሰሃን ነው። አልስማማም፣ ግን ዛሬ አልጣላህም።

ባሩክ፦ ወንድምሽስ፣ አሁን?

ዝናሽ፦ እሱ? ሦስት ልጅ አለው፣ ፕላታውም ትልቅ ሆኗል። ከአባባ ጋር ግን አሁን ስለ እግር ኳስ ነው የሚከራከሩት።

ባሩክ፦ ሦስተኛውን ገጽ አላነበብኩም እኮ!

ዝናሽ፦ ምንድን ነው ያለው?

ባሩክ፦ ስለ መዋዕለ ሕፃናት ምዝገባ።

ዝናሽ፦ እሱን ለሚቀጥለው ሳምንት አሳድረው። ከሚክላቱ ወጣት ቄስ አንዱን እጋብዛለሁ፣ አንተ ድብልቁን ለእሳቸው አስረዳቸው።

ባሩክ፦ ለቄስ ነው እኔ የማስረዳው? አንቺ ጀምሪው፣ እኔ ቡና አፈላለሁ።