ስድቡን ሰማን፤ ሥራው የት አለ?

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ። ሞንታርቦ የጫነ መኪና በቀስታ ያልፋል።]

የምርጫ ሰሞን ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ይህን ድምፅ አይስተውም። መኪና ላይ ሞንታርቦ ይጫናል። ዘፈን ይከፈታል። በመሃል ማይክ የያዘ ሰው ይጮኻል፤ «እነሱ አገር አፍራሾች ናቸው!» ዘፈኑ ይቀጥላል። «እኛ ግን ተስፋ ነን!» መኪናው ይታጠፋል። በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው ሰው ለአፍታ ቀና ብሎ አይቶ ወደ ስልኩ ይመለሳል።

ምን ተባለ? ስለ ውሃ አልተባለም። ስለ ቤት ኪራይ አልተባለም። ዲግሪ ይዞ ቤት ስለተቀመጠው ልጅም አልተባለም።

[ምስል፦ ባጃጅ ውስጥ። ወጣት ሹፌር፣ ከኋላ አንዲት እናት።]

«አንተ ልጅ፣ ዘንድሮ ማንን ልትመርጥ ነው?»

«እማማ፣ ማን ማንን እንደሚጠላ በደንብ ሰምቻለሁ። ምን እንደሚሠሩ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።»

ጨዋታው የእኛ ፈጠራ ነው። ብሶቱ ግን አይደለም። ፖለቲከኞች ሥራቸውን ከመናገር ይልቅ ተቀናቃኛቸውን መዝለፍ ለምን ይቀናቸዋል? ደግሞስ ዘለፋው ድምፅ ያስገኝላቸዋል ወይ? መልሱ ብዙዎቻችን ከምንገምተው ትንሽ ይለያል።

[ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ፦ ፍረጃ ወይስ ክስ?]

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። አንድ ተወዳዳሪ ስለ ተቀናቃኙ «ይህ ሰው ተላላኪ ነው» አለ እንበል። ሌላው ደግሞ «ይህ ሰው ምክር ቤት በነበረበት ጊዜ የሰፈራችን መንገድ በጀት ሲጸድቅ እጁን አውጥቷል፤ መንገዱ ሳይሠራ ሲቀር ግን አንድም ቀን አልጠየቀም» አለ። ሁለቱም ሰውየውን ነክተውታል። ሁለቱም አሉታዊ ቅስቀሳ ይባላሉ። የመጀመሪያው ግን ፍረጃ ነው። በምን ታጣራዋለህ? የተላላኪነት ደረሰኝ የለም። ሁለተኛው ክስ ነው። ቃለ ጉባኤ ይወጣለታል፣ መንገዱ በዓይን ይታያል፣ ሰውየውም ቆሞ መልስ መስጠት ይችላል።

በእኛ ፖለቲካ የፍረጃው ጎተራ ጎድሎ አያውቅም። ጠባብ፣ ትምክህተኛ፣ ጸረ ሰላም፣ ባንዳ፣ ጽንፈኛ፣ ጁንታ። ዘመን ሲለወጥ ቃሉ ይለወጣል። የሚሠራው ሥራ ግን ያው ነው፤ ሰውየው የተናገረውን ትተን ሰውየውን እንድንፈራው ያደርጋል።

[ምስል፦ የድሮ ቴሌቪዥን፤ ዙሪያውን ከበው የሚያዩ ሰዎች።]

1997ን የሚያስታውሱ ሰዎች አሁንም ስለ ክርክሮቹ ያወራሉ። ገዥው ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎች፣ ቅንጅትና ኅብረትን ጨምሮ፣ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ ኢኮኖሚ ተከራከሩ። ሰው ሥራውን ጥሎ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ይሰበሰብ ነበር። ይዘት ያለው ክርክር ይሰለቻል ያለው ማን ነው?

በዚያው ቅስቀሳ ግን ሌላም ነገር ነበር። ተቃዋሚዎች በሩዋንዳ የዘር ፍጅት ከፈጸመው ከኢንተርሃምዌ ጋር ተነጻጸሩ። ንጽጽሩን የገዥው ፓርቲ ከፍተኛ ባለሥልጣናት እንዳነሱት፣ ተቃዋሚዎችም መልሰው በመንግሥት ላይ እንደተጠቀሙበት የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች በሪፖርታቸው መዝግበዋል። ስለ መሬት ፖሊሲ የሚከራከር ሰው ነገ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ኢንተርሃምዌ የተባለ ሰው ግን ምኑን ይለውጣል? ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ፣ ውጤቱ አወዛገበ፣ በተቃውሞው የሰው ሕይወት ጠፋ። ያን ሁሉ ያመጣው አንድ ስድብ ነው አንልም። ስድቡ ግን መነጋገሪያውን ቀድሞ ዘግቶት ነበር።

አሁን ወደ 2007 እንዝለል። ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች አንድም አልቀረም፤ ሁሉንም ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ያዙት። እንግዲህ በምክር ቤቱ ውስጥ የሚወቅስም የሚወቀስም ተቀናቃኝ ፓርቲ አልነበረም። ስድብ ጠፋ ማለት ነው። ይዘቱ ጨመረ? ያን ዘመን የምክር ቤት ስብሰባ የተከታተለ ይመስክር። ጸጥታም እንደ ስድብ ባዶ ሊሆን ይችላል።

[ምስል፦ አንዲት ትንሽ ልጅ የአበባ ቅጠል ትነቅላለች፤ ከዚያ ፍንዳታ። በአኒሜሽን።]

ስድብ ድምፅ ያስገኛል ወይ የሚለውን በብዛት ያጠኑት አሜሪካኖች ናቸው። ማስታወቂያው እዚያ ነው የሞላው። መስከረም 1964 በፈረንጆች፣ የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የምርጫ ቡድን አንድ ማስታወቂያ አሠራ። ትንሽ ልጅ የአበባ ቅጠል እየነቀለች ትቆጥራለች። ድንገት የሮኬት ማስወንጨፊያ ቆጠራ ይተካል። ከዚያ የኒውክሌር ፍንዳታ። የተቀናቃኙ የባሪ ጎልድዋተር ስም አንድም ጊዜ አልተጠራም። የምርጫ ቡድኑ ገንዘብ ከፍሎ ያሳየው አንዴ ብቻ ነው። ጣቢያዎቹ ግን እንደ ዜና ደጋገሙት፤ እስከ ዛሬም ይወራል። ጆንሰን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

ይህን የሰማ ፖለቲከኛ ሁሉ «ማስፈራራት ያዋጣል» ብሎ ደመደመ። ግን ጆንሰን መጀመሪያውኑም እየመራ ነበር። በ2007 በፈረንጆች ሪቻርድ ላው የተባሉ ምሁርና ባልደረቦቻቸው በጉዳዩ ላይ የተሠሩ 111 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው መረመሩ። አሉታዊ ቅስቀሳ በደንብ ይታወሳል፤ ይህ እውነት ነው። ድምፅ ያስገኛል ለሚለው ግን አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም። የተሳዳቢው ተወዳጅነትም አብሮ ይወርዳል። ሰዉን ከምርጫ ያስቀራል የሚለውም እንደሚባለው ግልጽ ሆኖ አልተገኘም። የታየው ሌላ ነው፦ በመንግሥት ላይ ያለው እምነትና «የእኔ ድምፅ ለውጥ ያመጣል» የሚለው ስሜት ትንሽ ትንሽ ይሸረሸራል።

ሌላ ምሁርም አሉ፣ ጆን ጊር። ከ1960 እስከ 2004 በፈረንጆች የተላለፉ የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ማስታወቂያዎችን መረመሩ። ያገኙት ነገር ያስገርማል። ተቀናቃኝን የሚተቹት ማስታወቂያዎች ራስን ከሚያሞግሱት ይልቅ ስለ ፖሊሲ የሚናገሩ፣ ማስረጃም የሚጠቅሱ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ አይከብድም። «ለአገሬ ሕዝብ ብሩህ ነገን አመጣለሁ» ለማለት ምንም ማስረጃ አያስፈልግም። ተቀናቃኝህን ስትከስ ግን «ማስረጃህን አምጣ» ትባላለህ።

ታዲያ እኛ ጋ ችግሩ መተቻቸት አይመስለኝም። እንዲያውም በደንብ አልተተቻቸንም። ክሱ ፋይል የለውም። ሙገሳውም ያው ነው። ሞንታርቦው ላይ «እኛ ተስፋ ነን» ሲባል ሰሚው «ይህስ ማንንም አልሰደበም» ብሎ ያልፈዋል። ተናጋሪው ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው ያለን።

[ምስል፦ ከላይ የተነሳ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ።]

ፋይል ያለው ክርክር ምን እንደሚመስል እዚሁ ከተማችን ውስጥ እንየው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 መጨረሻ ተመረቀ። ከሲዳማና ከአካባቢው ዞኖች በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች መጥተው ልብስ ሰፉ። የፓርኩ ዋና ገበያ አሜሪካ ነበር፤ አጎአ በተባለው የአሜሪካ ሕግ ምርቱ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ኅዳር 2014 ፒቪኤች የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ፓርኩ ውስጥ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ከአጎአ ተሰረዘች።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ቅስቀሳ መሥራት ይቻላል። አንዱ ቀላል ነው። «ለዚህ ያበቁን ከሃዲዎች ናቸው» ትላለህ፤ ከሃዲው ማን እንደሆነ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ሌላው ይከብዳል። ፓርኩ በአንድ ገበያ ላይ ብቻ እንዲንጠለጠል የወሰነው ማን ነው? ሥራ ያጡት ልጆች ወደ ምን እንዲሄዱ ነው የታሰበው? ልጆቹ ለአንድ ክፍል ተደራርበው የሚከፍሉት ኪራይ ከደመወዛቸው ስንት እጅ ነው የወሰደው? እነዚህም ወቀሳ ናቸው፤ ያውም የሚያም። ግን መልስ ሊሰጥባቸው ይቻላል።

[ምስል፦ የሐዋሳ ሐይቅ፣ አሞራ ገደል። ጀልባዎች።]

ሐይቁንም እንውሰድ። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃው በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባል፤ የገባው ደለልና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ውሃው የሚሰበሰብበት መሬት ደግሞ የከተማዋ ብቻ አይደለም፤ ሲዳማንም ኦሮሚያንም ይነካል። ስለዚህ ለከተማ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው «ሐይቁን አድናለሁ» ሲል ከጎረቤት ክልል ጋር በምን በኩል እንደሚነጋገር መንገር አለበት። «ሐይቁን የገደሉት እነሱ ናቸው» ካለ ደግሞ የትኛውን ማምረቻ፣ በየትኛው ዓመት፣ ማን ፈቀደለት ብለን እንያዘው። ዓሣ አስጋሪው መልሱን ለመስማት ጊዜ አለው፤ አትጠራጠሩ።

[ምስል፦ ሁለት ምልክት ያለበት የድምፅ መስጫ ወረቀት።]

የሐዋሳ ሰው ግልጽ ጥያቄ ሲቀርብለት አይቷል። ኅዳር 10 ቀን 2012 በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክት ብቻ ነበር፤ ሻፌታና ጎጆ። ሻፌታ ራስን የቻለ ክልል፣ ጎጆ በደቡብ ክልል መቆየት። ድምፅ ከሰጡት 98.5 በመቶው ሻፌታን መረጡ። ውሳኔውን የወደደም ያልወደደም አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ምልክቱ ምን እንደሚያመጣ። በጠቅላላ ምርጫ ግን አንድ ምልክት ስናደርግ ፓርቲውን ለአምስት ዓመት ነው የምንሸኘው። ምን ሊሠራበት? እዚህ ላይ ነው ክፍተቱ።

ታዲያ ፖለቲከኞች ይዘት ለምን አይዙም? አንዱ ምክንያት ወጪ ነው። ስለ ሐይቁ ባለ ሁለት ገጽ ሐሳብ ለመጻፍ ባለሙያ፣ መረጃ፣ ጊዜ ያስፈልጋል። ስድብ ነፃ ነው። ሌላው የምርጫው ሥርዓት ነው። በእኛ አገር በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ለሁለተኛው የሚተርፈው ነገር የለም። ስለዚህ የተቀናቃኝን ድምፅ ማሳነስ የራስን ከማብዛት ጋር እኩል ይቆጠራል። ተወዳዳሪው ከሁለት በላይ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይበላሻል። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሦስተኛው ጥቅሙን ሊወስድ ይችላል። ስልኩም አለ። በቲክቶክና በፌስቡክ የሚያናድድ ነገር ቶሎ ይዛመታል። የበጀት ሠንጠረዥ ሼር የሚያደርግ ጓደኛ ካላችሁ ያዙት፤ ብርቅ ነው።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 1162/2011 የምርጫ ሥነ ምግባርን ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል። የከፋው በሕግ ይያዛል። ባዶነትን የሚከለክል ሕግ ግን የለም፤ ቢኖርም አልመኘውም። ባዶ ነው አይደለም ብሎ የሚፈርደው ባለሥልጣን ከሆነ አለቀልን።

[ምስል፦ የቀበሌ አዳራሽ። አንድ ሰው እጁን ያወጣል።]

ስለዚህ ሥራው የጠያቂው ነው። በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ስንጠይቅ የምንሰማው «መንገዳችን መቼ ይሠራል?» የሚል ነው። ተወዳዳሪው «በቅርቡ» ብሎ ይቀመጣል። ጥያቄውን ትንሽ ብናጠነክረውስ? «ለየትኛው ምክር ቤት ነው የሚወዳደሩት? ይህ ሥራ የዚያ ምክር ቤት ነው ወይ?» ለፌዴራል ምክር ቤት የሚሄድ ሰው ሕግ ያወጣል፣ የፌዴራል በጀት ያጸድቃል፣ ሚኒስትሮችን ይጠይቃል። የሰፈር ቦይ አያስቆፍርም። ቦይ የሚያስቆፍረው የከተማው አስተዳደር ነው። ይህን የማይለይ ተወዳዳሪ ወይ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ እኛ አናውቅም ብሎ ተማምኗል። «አሁን አላውቅም፤ አጣርቼ ሐሙስ እመጣለሁ» የሚል ከተገኘ እኔ በበኩሌ ሐሙስ ሄጄ እሰማዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የበጀት ጥያቄ አለ፤ ብዙም አይነሳም። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነበር። አዲሱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሰበሰበው መስከረም 24 ቀን 2014 ነው። የ2014 በጀት ግን ከዚያ በፊት በቀድሞው ምክር ቤት ጸድቆ ነበር። እና ሰኔ ላይ የሚመረጥ ሰው «ገና ስገባ እሠራዋለሁ» ቢል፣ የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ሌሎች የደለደሉት ነው። ተጨማሪ በጀት ሊያስጸድቅ ነው? ከሌላ ሥራ ሊያዛውር ነው? ካዛወረስ የትኛው ሥራ ሊቀር ነው፤ የማን ሰፈር? የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ከዚህ ጀምሩ።