የምጣዱ ስፒና ለምን ሰማያዊ ሆነ?

ሰላም ሰላም ተመልካቾቻችን! ዛሬ የምጣድ ስፒና ነው የምንነቅለው። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። አጠፋችሁ? ንቀሉት።

እግሮቹን ወደ ብርሃን አዙሯቸው። ሲገዛ ሁለቱም ነጭ ነበሩ፤ ናሱን የሸፈነው ኒኬል ነው። አሁን አንደኛው ጫፉ ገለባ መስሏል፣ ወረድ ሲል ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ።

ለጠላ አሻሮ ሲቆላ አይታችኋል አይደል? ጎጃም ተወልዶ ያላየ የለም መቼም። ገብሱ ቢጫ ይሆናል፣ ቀላ ይላል፣ የምትቆላዋ ሴት ረስታው ጓዳ ከገባች ይከስላል። እሳቱን ያላየ ሰው እንኳ አንድ እፍኝ ዘግኖ ምን ያህል እንደተቆላ ይናገራል። ግን ልብ በሉ፦ በኃይለኛ እሳት ቶሎ የተቆላውና በለዘበ እሳት ቆይቶ የተቆላው አንድ ቀለም ሊይዙ ይችላሉ። ስፒናውም እንደዚያው። ቀለሙ ሙቀቱንም ቆይታውንም አዳብሎ ነው የሚናገረው። ቀለም ብቻ አይቶ ዲግሪ የሚጠራላችሁ ሰው ካለ፣ ጠላ ጠጥቷል እንጂ አሻሮ አልቆላም።

ሳይንሱ ቶሎ ያልቃል፦ የጋለ ኒኬል ስስ ኦክሳይድ ይለብሳል፣ ውፍረቱ ሲለወጥ የሚመልሰው ቀለም ይለወጣል፤ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ናፍጣ። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። እግሩና ሶኬቱ የሚነካኩበት መገናኛ 0.05 ኦም ሬዚስታንስ (ለኮረንቲ እንቅፋት) ካለው፣ 16 በ16 በ0.05 ሲባዛ፣ ወደ 13 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። «ዝገት ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው» የምትሉ በዝታችኋል። ኧረ ተዉ! ኒኬሉ ጥቂት ማይክሮን ነው፣ ሁለት ሦስቴ ስትፈትጉት ያልቃል። ናሱ ራቁቱን ይቀራል፣ ለጊዜው ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ብሶ ይጠቁራል። ደግሞ ያጠፋው ቀለሙ መች ሆነ? የላላ ነገር አለ። ቀለሙ እግሩ መሐል ከበረታ፣ እግሩን ነክሶ የሚይዘው የሶኬቱ ምላስ ላልቷል። ከፕላስቲኩ ሥር ከበረታና የሽቦው ልባስ ከደረቀ፣ ውስጥ ያለው ቡሎን ነው።

(ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ አሁን ብሬከሩ ጠፍቷል፣ እጃችሁ ባዶ ነው።)

ስፒናና ሶኬት አብረው ይቀየሩ፤ አንዴ የጋለ ምላስ መንከሱን ትቷል፣ አዲሱንም ይቆላዋል። የጠቆረውን ሽቦ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ንጹሕ መዳብ እስኪወጣ። ጫፉን ሊድ (ቀልጦ ሽቦ የሚበየድበትን) አታልብሱት፤ ሊድ ከቡሎኑ ሥር ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ይላላል። ጠምዝዛችሁ አጥብቁ፣ ጎተት አድርጋችሁ ሞክሩ።

ግማሽ ሰዓት ጋግሩ፣ ብሬከር አጥፉ፣ ስፒናውን ጨብጡ። ለብ ካለ ደህና። እጅ ካስለቀቀ፣ ካቻቪቴውን መልሳችሁ አንሱ።