ስለ ምርጫና ስለ ኅሊና ለቁምስናችን ምእመናን የተደረገ ንግግር

ክቡራን አባቶቼ፣ የተከበራችሁ ደናግል፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

እኛ በአሜሪካ የምንኖር የግእዝ ሥርዓት ካቶሊካውያን በኖቬምበሩ ምርጫ ድምፃችንን እንዴት መስጠት እንዳለብን እንድናገር ስጠየቅ፣ ስለ ምዝገባውና ስለ ምርጫው አካሄድ ላስረዳችሁ ነበር የተዘጋጀሁት። ይሁን እንጂ ባለፈው ምርጫ ሰሞን ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣምና አስቀድሜ እርሱን ልናገር።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ በየመኪናው የመስታወት መጥረጊያ ሥር የተሰካ ወረቀት አገኘን። በሳምንቱ፣ ዜግነት ካገኙ ዓመት ያልሞላቸውና ቀድመው ድምፅ የሰጡ አንዲት እናታችን፣ ሌላው ለቅዱስ ቁርባን ሲሰለፍ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ከተቀመጡበት ሳይነሡ ቀሩ። በኋላ ጠጋ ብዬ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» ብላቸው ከቦርሳቸው ያንኑ ወረቀት አወጡ። «ልጄ አነበበልኝ፤ እኔ የመረጥኩት እጩ ፅንስ ማስወረድን ስለሚደግፍ እርሱን የመረጠ መቁረብ አይችልም ይላል። እኔ ፅንስ ማስወረድን መች ደገፍኩ? የእህቴ ልጅ የመኖሪያ ፈቃዱ ወረቀት ገና አላለቀለትም፤ እርሱንና እንደርሱ ያሉትን አስቤ ነው» አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፅንስ ማስወረድ ከባድ ክፋት መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ሳታመነታ ታስተምራለች፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክት 16ኛ የተባሉት ካርዲናል ራትዚንገር እ.ኤ.አ. በ2004 እንደጻፉት፣ መራጩ የእጩውን የፅንስ ማስወረድ አቋም ሳይጋራ በሌላ ምክንያት ቢመርጠው የሩቅ ተባባሪነት፣ ማለትም ክፋቱን ሳይፈልጉ ከሩቅ ብቻ መተባበር ነው፤ ተመጣጣኝ፣ ማለትም ከክፋቱ ክብደት ጋር የሚመዛዘን ምክንያት ካለም ሊፈቀድ ይችላል። የአሜሪካ ጳጳሳትም በ2007 ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ ሲያብራሩ፣ ምክንያቱ የግል ጥቅም ወይም የፓርቲ ፍቅር እንዳይሆን፣ እጩው ፅንስ ማስወረድን መቃወሙም ለሌሎች ከባድ ጉዳዮች ግድ የለሽ ለመሆን ሰበብ እንዳይሆን አስጠንቅቀዋል። የእማማ ምክንያት ተመጣጣኝ ነውን? ያንን በእግዚአብሔር ፊት የሚመዝኑት እርሳቸው ናቸው፤ የንስሓ አባታቸውም ያግዟቸዋል። ስሙን እንኳ ሳይጽፍ ወረቀት ሰክቶ የሄደ ሰው ግን አንዲትን እናት ከመንበረ ታቦቱ ፊት የሚያግድበትን ሥልጣን ከማን አገኘ? ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965፣ ምእመናን በቅን ኅሊና ተለያይተው ሲቆሙ ማንም የቤተ ክርስቲያንን ሥልጣን ለራሱ ሐሳብ ብቻ መያዝ እንደማይፈቀድለት ደንግጎ የለምን? ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በ2024 ከሲንጋፖር ሲመለሱ ስለዚሁ አገር ምርጫ ተጠይቀው፣ ስደተኛን ማባረርንም ሕፃናትን መግደልንም ሕይወትን መቃወም ብለው ከኮነኑ በኋላ፣ ያነሰውን ክፋት እያንዳንዱ በኅሊናው ይምረጥ አሉ እንጂ የማንንም ስም አልጠሩም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ያላደረጉትን እኛ በመኪና ማቆሚያ አናድርገው!

ይህ ማለት ግን ኅሊና እንዳሻን የምንጠመዝዘው ነገር ነው ማለት አይደለም። ስለ ስደተኛ እየጮኽን ያልተወለደውን ሕፃን የምንረሳ ካለን ተግሣጹ ለእኛም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተሻሻለው ትምህርተ ክርስቶስ የሞት ቅጣትንም ተቀባይነት የለውም ይላልና እርሱም ይታሰብ።

እማማ አባን ካነጋገሩ በኋላ በቀጣዩ እሁድ ቆርበዋል። አሁን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆቻችሁ የጳጳሳቱን ጽሑፍ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ አብራችኋቸው ተቀምጣችሁ አንብቡላቸው፤ የሚከብዳችሁን ቃል ደግሞ አባን ጠይቁ።