ንጉሡ በላ ወይስ አልበላም?

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን ወዳጆቻችን። ዛሬ ቃል በገባነው መሠረት ስለ ቫይሽናቮች ነው የምናወራው፤ ከሂንዱዎች መካከል ቪሽኑ የሚባለውን አምላክ፣ በተለይ ደግሞ ክሪሽናን ስለሚያመልኩት። ርእሳችን አብሮህ የሚያመልከውን ሰው ማክበር ነው። ሩፓ ጎስዋሚ የሚባል የ16ኛው ክፍለ ዘመን መምህር 11 ስንኝ ብቻ ያላት ጽሑፍ አለችው። እሷ ውስጥ በአማኞች መካከል ፍቅር የሚታወቅባቸው ስድስት ነገሮች ተቆጥረዋል፤ እነሱን…

ዳዊት፦ ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ ያን የነገርሽኝን ንጉሥ ለአድማጭም ንገሪ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ሄለን፦ አምባሪሽን? ረጅም ነው እኮ።

ዳዊት፦ ይርዘም።

ሄለን፦ እሺ። ታሪኩ ባጋቫታ ፑራና የሚባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው ዘጠነኛው ክፍል ላይ ነው። ንጉሥ አምባሪሽ ኤካዳሺ የሚባለውን ጾም ይጾማል። ጨረቃ ከተወለደች በ11ኛው፣ ከሞላችም በኋላ በ11ኛው ቀን የሚጾም ነው፤ በወር ሁለቴ ማለት ነው። የሚገደፈው በማግስቱ ነው፣ ያውም ሰዓቱ ሳያልፍ። ንጉሡ ከባለቤቱ ጋር ዓመት ሙሉ ጾሞ፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ሌሊት ምንም ሳይቀምስ ቆይቶ፣ ልክ ሊገድፍ ሲል ዱርቫሳ የሚባል ባሕታዊ ከተፍ አለ።

ዳዊት፦ ሰዓት ጠብቆ!

ሄለን፦ እንግዳ ነዋ፤ ንጉሡ ብድግ ብሎ ተቀበለው፣ ማዕድ እንዲቀርብ ለመነው። እሱም እሺ ብሎ ሊታጠብ ያሙና ወንዝ ወረደ። ወረደና እዚያው ተመስጦ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሰዓቱ ሊያልፍ ነው። እንግዳ ጠርቶ ቀድሞ መብላት ነውር ነው፣ ሳይገድፉ ሰዓቱን ማሳለፍም ጥፋት ነው።

ዳዊት፦ ታዲያ በላ?

ሄለን፦ አልበላም። ካህናቱን አማከረና ውሃ ብቻ ተጎነጨ። ውሃ እንደ መብላትም እንዳለመብላትም ይቆጠራል ተብሎ።

ዳዊት፦ በኛማ ቤት ውሃም ከቀመስሽ ገድፈሻል።

ሄለን፦ እሱ ራሱን የቻለ ክፍል ይወጣዋል! ዱርቫሳ ሲመለስ ነገሩን ዐወቀ፤ ነደደው። ከራሱ ፀጉር ነጭቶ እሳት የሚመስል ጭራቅ ፈጠረበት። ንጉሡ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። በዚህ መሃል ሱዳርሻና፣ የቪሽኑ የሚሽከረከር መሣሪያ፣ ጭራቁን አቃጥሎ ባሕታዊውን ማሳደድ ያዘ። ብራህማ የሚባለው አምላክ ጋ ሮጠ፣ አልችልም አለው። ሌላው አምላክ ሺቫ ጋ ሮጠ፣ እሱም አልችልም አለ። በመጨረሻ ቪሽኑ ራሱ እግር ሥር ወደቀ። ምን አለው መሰለህ? እኔ በወዳጆቼ እጅ ነኝ፤ የበደልከው እሱን ነውና ሂድ እሱን ለምን።

ዳዊት፦ አምላክ ራሱ እንዲህ አለ?

ሄለን፦ አምላክ ራሱ! እኔን የያዘኝ ይኼ ቦታ ነው። ሰው ከፈጣሪው ጋር መታረቅ አይከብደውም፤ ማታ በሩን ዘግቶ ያለቅሳል፣ ይወጣለታል። ጠዋት አጠገቡ ቆሞ የሚዘምረውን ሰው ግን ዐይኑን ማየት አይፈልግም። እዚህ ታሪክ ላይ አቋራጭ የለም። ሰማይ ድረስ ሄደህ የምትላከው ተመልሰህ እዚያው ሰው ጋ ነው።

ዳዊት፦ ንጉሡስ እስከዚያ?

ሄለን፦ ሩጫው ዓመት ፈጀ።

ዳዊት፦ እና በላ?

ሄለን፦ አልበላም አልኩህ! እንግዳዬ ሳይመለስ ብሎ ዓመት ሙሉ በውሃ ብቻ ጠበቀው።

ዳዊት፦ ሊገድለው የመጣውን ሰውዬ!

ሄለን፦ እሱን ሰውዬ። ዱርቫሳ መጥቶ እግሩን ሲይዘው ንጉሡ ነው ያፈረው። ማልዶ ከሱዳርሻና አስጣለውና ማዕድ አቀረበለት። ዱርቫሳ ጠግቦ አሁን አንተም ብላ ሲለው…

ዳዊት፦ በላ!

ሄለን፦ በላ።

ዳዊት፦ ተመስገን! ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ዱርቫሳ እኮ አጥፍቷል። ማክበር ማለት ጥፋትን አለማየት ከሆነ፣ ነገ አንዱ መሪ ሰው ቢበድል፣ ተበዳዩን የአማኝ ነውር አታውራ ሊሉት ነው?

ሄለን፦ ሩፓ ጎስዋሚ የአማኝን ጉድለት አትዩ ሲል ስለ ሥጋ ነው የሚናገረው፤ ስለ ትውልዱ፣ ስለ መልኩ፣ ስለ ሕመሙ። የጋንጅስ ውሃ አረፋና ጭቃ ቢኖርበትም ቅድስናው አይቀርም ይላል። ወንድሙን ሳናታናን ውሰድ። በቤንጋል ሱልጣን በሁሴን ሻህ ቤተ መንግሥት ባለሥልጣን የነበረ ሰው፣ ሁሉን ትቶ በጫካ በእግሩ ፑሪ የምትባል የሕንድ ከተማ ሲደርስ ገላው ቆስሎ ነበር። የሁለቱም መምህር ቼይታንያ ሊያቅፈው ሲመጣ እባክህ አትንካኝ እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል። ቼይታንያ ግን በግድ አቀፈው፤ የቁስሉ ፈሳሽ ገላው ላይ ቀረ። ስንኙ ይኼን ነው የሚለው። በደልን ደብቁ አይልም።

ዳዊት፦ ስንኙማ አይልም። ሰዎች የሚጠቀሙበት ግን ለዚያ ሊሆን ይችላል።

ሄለን፦ እሱን አልክድህም።

ዳዊት፦ ይኼን ሌላ ቀን እንመለስበታለን፤ እኔ አልጨረስኩም።

ሄለን፦ እኔም አልጨረስኩም። ግን ያየሁትን ልንገርህ። ለንደን አጠገብ ባክቲቬዳንታ ማኖር የሚባል ቤተ መቅደስ አለ፣ የቢትልስ ሙዚቀኛው ጆርጅ ሃሪሰን በ1973 እ.ኤ.አ. ለክሪሽና አምላኪዎች የሰጣቸው ግቢ። ጫማ ማውለቂያው ጋ አንድ ሽማግሌ የመቁጠሪያ ከረጢታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። አንድ ወጣት የመወልወያ ባልዲውን አስቀመጠና ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሰገደላቸው። ቀና ሳይል እሳቸውም ወርደዋል! ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው። ሁለቱም መሬት ላይ ናቸው።

ዳዊት፦ ሽማግሌው? ለልጁ?

ሄለን፦ ለልጁ! ቼይታንያ ከሣር ዝቅ በል፣ ከዛፍ በላይ ታገሥ፣ ክብር ሳትጠብቅ ለሌላው ክብር ስጥ ብሏል። ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። በጉልበት ሲደረግ ማየት ግን ሌላ ነው።

ዳዊት፦ ስድስቱስ? ሰዓታችን አለቀ እኮ።

ሄለን፦ ውይ! ስጦታ መስጠት፣ ስጦታ መቀበል፣ የልብን መናገር፣ የሌላውን ልብ መስማት፣ ማብላት፣ መብላት።

ዳዊት፦ አየሽ፣ መብላት አለበት!

ሄለን፦ አለበት። ለእኔ ግን ከባዱ መቀበል ነው። ስትሰጥ የበላይ ነህ፣ ስትቀበል ግን ያንን ሰው እንደምትፈልገው ታምናለህ።

ዳዊት፦ አይደለም፣ የልብን መናገር ነው የሚከብደው። በየሳምንቱ አብሬው ለምዘምረው ሰው ምሥጢሬን? በፍጹም።

ሄለን፦ ለምን?

ዳዊት፦ በየሳምንቱ ስለማየው ነዋ!