ወገቤን እንጂ ሆዴን ማንም አልጠየቀኝም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ሆድ ነው። ስለ ሽንት ቤት።

የወገብ ዲስክ ኦፕሬሽን ካደረግሁ በኋላ ቤቴ ጠያቂ አልጠፋበትም። «ወገብሽ እንዴት ነው?» ይሉኛል። «ተመስገን» እላለሁ። ወገቤማ ደህና ነበር። ያስጨነቀኝ ሆዴ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ሰገራ የሚባል አልወጣኝም። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሰው ብርቱካን ይዞልኝ ይመጣል፣ እኔ አንዲት ፍሬ መዋጥ አቅቶኛል።

ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ማደንዘዣው አንጀትን ያዘገየዋል። እንደ ትራማዶል ያለው ማስታገሻም ሕመሙን ሲያስታግስ አንጀቱን አብሮ ያስተኛዋል። መኝታው ተጨምሮበታል። እኔ ደግሞ ከአልጋ መነሳቱን ፈርቼ ውኃ ቀንሼ ነበር። ያ ነው የጎዳኝ።

በስድስተኛው ቀን ለነርሷ ደወልኩ። እማዬ እንዳትሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ሐኪሙን አማክራ ላክቱሎዝ የሚባል ሽሮፕ ታዘዘልኝ። በሁለተኛው ቀን ተገላገልኩ። አልቅሻለሁ፣ እውነቴን ነው።

እማዬ ለካ ሰምታለች። ምንም አላለችኝም። በማግስቱ ጠዋት ሽንት ቤት ስገባ የቡናዋ በርጩማ ከመቀመጫው ፊት ተቀምጧል። «እግርሽን እሱ ላይ አድርጊ፣ ልጄ» አለችኝ ከውጭ። ጉልበት ከፍ ሲል ማማጥ ይቀንሳል። ማማጥ ደግሞ ለቁስሌ ጥሩ አልነበረም።

ከዚያ ሰዓት ያዝኩለት። ምግብ ሲገባ አንጀት ይነቃል። ስለዚህ ቁርስ በልቼ፣ ቡና ጠጥቼ፣ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቆይቼ እቀመጣለሁ። መጣም አልመጣም፣ ከ10 ደቂቃ በላይ አልቆይም። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ ቁርሱን የነፍስ አባቴ ፈቀዱልኝ። ተልባም ረድቶኛል፣ ግን ውኃ ካልተከተለው ጭራሽ ያደርቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ፊኛንና ፊንጢጣን የሚያዙት ነርቮች የሚያልፉት በዚያው በወገብ በኩል ነው። በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ ወይም ሰገራ ሳይታወቃችሁ ካመለጠ፣ ሽሮፕ አትሞክሩ። በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ሌሊትም ቢሆን።

በርጩማው እስካሁን ሽንት ቤት ነው። እማዬ ለቡናው ሌላ ገዛች።